«መጽሐፍ» የሚለው ስም የማን ነው?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚል የቆየ አባባል አለን። ልጅ ሲወለድ ስም የሚያወጡለት አባትና እናቱ ቢሆኑም፣ ስሙ ግን ከእነርሱ በላይ ከሆነ ስፍራ የመጣ ነው፤ በገንዘብም የሚገዛ ዕቃ አይደለም ለማለት ነው። በአሁኑ ዘመን ግን ስምን መልአክ ሳይሆን ሐራጅ የሚያወጣበት አንድ ሰፊ ገበያ ተከፍቷል፤ ይኸውም የኢንተርኔት አድራሻ ገበያ ነው።

በዚህ ገበያ የሚሸጠው የነጋዴ ስም ወይም የድርጅት ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ብዙ ባላስደነቀ ነበር። የሚያስደንቀው «መጽሐፍ»፣ «ሙዚቃ»፣ «ሱቅ»፣ «ደመና»፣ «ውበት» የሚባሉትን፣ ሰው ሁሉ ከእናቱ አፍ ተቀብሎ የሚናገራቸውን ቃላት፣ ታላላቅ ኩባንያዎች በእንግሊዝኛ አጠራራቸው ለየግላቸው ለመያዝ ገንዘብ ይዘው መሰለፋቸው ነው። ለመሆኑ ቃል የማን ነው? ማንስ ሊሸጠው ይችላል? የዛሬው ጽሑፋችን የሚመረምረው ይህንኑ ጥያቄ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

ነገሩ ሩቅ እንዳይመስለን አስቀድመን ወደ መርካቶ ወረድ እንበል። በርበሬ የሚፈልግ ሰው በርበሬ ተራ ይሄዳል፤ ቆርቆሮ የሚፈልግም ቆርቆሮ ተራ ይሄዳል። ተራው የአንድ ነጋዴ አይደለም፤ ትልቁም ትንሹም ሻጭ ጎን ለጎን ሆኖ ይሸጥበታል፤ ገዢውም አንዱን ከአንዱ አወዳድሮ ይገዛል። አሁን አንድ ባለጸጋ መጥቶ «በርበሬ ተራ የሚባለው ስም ከነሠፈሩ የእኔ ይሁን፤ ሌላው ሻጭ በርበሬውን ወደ ፈለገው ሠፈር ወስዶ ይሽጥ፤ እዚህ ግን ከእኔ በቀር ማንም አይግባ» ቢል ምን እንለዋለን? ሰውየው በርበሬ መሸጥን አልከለከለም። የከለከለው፣ ገዢው በርበሬ ፍለጋ እግሩ ወደሚመራው ስፍራ ሌላው ሻጭ እንዳይደርስ ነው። በኢንተርኔት ላይ የተነሣው ክርክርም ከዚህ ብዙ አይለይም።

ከቁጥር ወደ ስም

ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር በመረቡ ላይ የሚታወቀው በቁጥር ነው። ሰው ግን ቁጥር ማስታወስ አይወድም። እኛም ብንሆን የወዳጃችንን ቤት ለእንግዳ ስናመለክት የቤቱን ቁጥር ትተን «ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ፣ ከትልቁ ዋርካ ፊት ለፊት» እንላለን። ስለዚህ በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ ከባልደረባው ከጆን ፖስቴል ጋር ሆኖ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልስ ሥርዓት ዘረጋ። ሰው ስሙን ይጽፋል፤ ሥርዓቱ ቁጥሩን ፈልጎ ያገናኘዋል።

ይህ ስም በኮምፒውተሩ ዘንድ የሚነበበው ከመጨረሻው ተነሥቶ ነው። ከውጭ አገር የሚላክ ደብዳቤ አስቀድሞ በአገሩ፣ ቀጥሎ በከተማው፣ በመጨረሻም በሰውየው ስም እንደሚለይ ሁሉ፣ ኮምፒውተሩም አስቀድሞ የሚመለከተው ከመጨረሻዋ ነጥብ ቀጥሎ ያለውን ቅጥያ ነው። «ዶት ኮም» ለንግድ፣ «ዶት ኢዱ» ለትምህርት ተቋም፣ «ዶት ጎቭ» ለአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ «ዶት ኦርግ» ደግሞ በእነዚህ ክፍሎች ለማይጠቃለሉ ድርጅቶች ታስበው በ1985 ሥራ ላይ ዋሉ። ለየአገሩም ሁለት ሁለት የላቲን ፊደል ተሰጠ፤ የኢትዮጵያ «ዶት ኢቲ» በ1995 ተመዘገበ።

የእነዚህ ቅጥያዎች ዋና መዝገብ አንድ ነው፤ ባለሙያዎቹ «ሥር» ይሉታል። በዚህ መዝገብ ያልሰፈረ ቅጥያ ለዓለም ሕዝብ እንደሌለ ይቆጠራል። በመዝገቡ ላይ የትኛው ቅጥያ ለማን ይሰጥ የሚለውን ሥራ የሚመራው በ1998 በካሊፎርኒያ የተቋቋመና ለትርፍ ያልቆመ አይካን የተባለ ድርጅት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በዚህ ሥራ ላይ የነበረውን የተቆጣጣሪነት ድርሻ በ2016 ለቋል። እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባን፣ ለአንድ ቅጥያ በሥሩ መዝገብ ላይ ያለው ቦታ አንድ ብቻ መሆኑን ነው። ለአንዱ ከተሰጠ ለሌላው አይሰጥም። የክርክሩ ሁሉ መነሻ ይኸው ነው።

1,930 ማመልከቻ

እስከ 2012 ድረስ የአገር ስም ያልሆኑት ጠቅላላ ቅጥያዎች 22 ብቻ ነበሩ። አይካን በ2011 በሲንጋፖር ባደረገው ስብሰባ በሩ ሰፋ ብሎ እንዲከፈት ወሰነና በ2012 መጀመሪያ ላይ ማመልከቻ መቀበል ጀመረ። ለአንድ ቅጥያ የሚቀርበው ማመልከቻ ዋጋ 185,000 ዶላር ነበር። ይህም ለማመልከት ብቻ ነው፤ አንድን ቃል ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች የፈለጉት እንደ ሆነና መስማማት ካልቻሉ ነገሩ በሐራጅ ይፈጸማል።

ጁን 13 ቀን 2012 የአመልካቾቹ ዝርዝር ለሕዝብ ሲገለጥ 1,930 ማመልከቻ ተቆጠረ። ከዚህ ውስጥ 911 ከሰሜን አሜሪካ፣ 675 ከአውሮፓ፣ 303 ከእስያና ከፓስፊክ፣ 24 ከላቲን አሜሪካ የመጣ ሲሆን ከአፍሪካ የመጣው 17 ብቻ ነበር። ጉግል 101፣ አማዞን ደግሞ 76 ማመልከቻ አስገቡ። የአማዞንን ብቻ ብናሰላው የማመልከቻው ክፍያ 14,060,000 ዶላር ይሆናል። ገበያው የማን እንደ ሆነ ከዚህ ቁጥር ይታያል።

አንድ የመኪና ፋብሪካ የገዛ ስሙን ቅጥያ አድርጎ ቢይዝ የሚቀየመው የለም፤ ስሙ የራሱ ነውና። ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። አማዞን «መጽሐፍ»፣ «ደራሲ» እና «አንብብ» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ጉግል «ፍለጋ» እና «ደመና» የሚሉትን፣ እንዲሁም «ብሎግ» እና «አፕ» የተባሉትን ጠየቀ። የፈረንሳዩ የመዋቢያ ዕቃ አምራች ሎሬያል ደግሞ «ውበት»፣ «ጠጉር» እና «ቆዳ» የሚሉትን ጠየቀ። እነዚህም ማመልከቻዎች መጀመሪያ ሲቀርቡ ሐሳባቸው ቅጥያውን ለሕዝብ ለማከራየት አልነበረም፤ ከባለቤቱ ኩባንያ በቀር ሌላ ማንም ስሙን እንዳያስመዘግብበት ዝግ አድርጎ ለመያዝ ነበር። «ዝግ ጠቅላላ ስም» የሚባለው የክርክር ርእስ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው።

የሁለቱም ወገን ቃል

በመጀመሪያ የጮኹት መጽሐፍ የሚጽፉና መጽሐፍ የሚያሳትሙ ሰዎች ናቸው። የአሜሪካ አሳታሚዎች ማኅበርና የደራስያን ማኅበር፣ ባርንስ ኤንድ ኖብል የተባለው ታላቅ መጽሐፍ ሻጭም ጭምር፣ በ2013 ለአይካን ተቃውሞአቸውን ጻፉ። ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነበር፤ መጽሐፍ በመሸጥ ከሁሉ የላቀው ነጋዴ «መጽሐፍ» የሚለውን ቅጥያ ብቻውን ከያዘ፣ ውድድሩ ገና ሳይጀመር አልቋል።

ከዚህ ጋር አንድ የቆየ የሕግ መሠረት አለ። «አፕል» በእንግሊዝኛ ፖም የተባለው ፍሬ ነው። ኮምፒውተር የሚሠራ ኩባንያ ራሱን አፕል ብሎ ቢሰይም ሕግ ስሙን ይጠብቅለታል። ፖም የሚሸጥ ነጋዴ ግን «አፕል» የሚለው ቃል የግሌ የንግድ ምልክት ነው ሊል አይችልም፤ ቢፈቀድለት ኖሮ ሌላው ፖም ሻጭ የሚሸጠውን ፍሬ ምን ብሎ ይጠራዋል? በሕግ በኩል የተዘጋው ይህ በር በኢንተርኔት ቅጥያ በኩል ሊከፈት ነው ሲሉ ተቃዋሚዎቹ ተከራከሩ።

የኩባንያዎቹም ቃል ሳይሰማ ሊታለፍ አይገባም። እነርሱ የሚሉት ይህን ነው፤ «ቃሉን ከማንም አፍ አልነጠቅንም፤ ሰው መጽሐፍ ብሎ ይናገር፣ ይጻፍ፣ በሌላም ቅጥያ ይመዝገብ። እኛ ሥርዓቱ የጠየቀውን ዋጋ ከፍለናል። ቅጥያው በአንድ እጅ ከሆነም አጭበርባሪ ገብቶ ሕዝብን አያታልልበትም።» ደግሞም ሌላ ነገር ይጠቅሳሉ። «ቡክስ ዶት ኮም» የተባለውን አድራሻ ለብዙ ዘመን ይዞ የኖረው፣ አሁን ተቃዋሚ ሆኖ የቀረበው ባርንስ ኤንድ ኖብል ነው። ጠቅላላ ቃልን ለብቻ መያዝ ኃጢአት ከሆነ እርሱስ ለምን ያዘው? የሚል ነው ሙግታቸው።

ይህ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስ ግን አለው። «ቡክስ ዶት ኮም» በአንድ ሰፊ ተራ ውስጥ ያለ አንድ መደብር ነው። መደብሩ በጥሩ ቦታ ላይ ይገኛል፤ ከጎኑ ግን ሌላው መጽሐፍ ሻጭ የራሱን መደብር ሊከፍት ይችላል። ቅጥያው ግን መደብር አይደለም፤ ተራው ራሱ ነው። መደብሩን መያዝና ተራውን አጥሮ መያዝ አንድ ሆኖ ሊቆጠር አይችልም።

ውሳኔውና ቀዳዳው

አይካን በዚህ ጉዳይ አስቀድሞ የወሰነው ደንብ አልነበረውም። ስለዚህ በ2013 መጀመሪያ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ከማንኛውም ሰው አስተያየት ተቀበለ። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር የመንግሥታት አማካሪ ኮሚቴው ቤይጂንግ ላይ ተሰብስቦ፣ ጠቅላላ ቃልን ለአንድ ወገን ብቻ መስጠት የሕዝብን ጥቅም የሚያገለግል ሲሆን ነው መፈቀድ ያለበት የሚል ምክር ሰጠ። በዚሁ ወር ጉግል አራቱን ቃላት ለሌላውም ክፍት አደርጋለሁ ሲል ማመልከቻውን አሻሻለ። በመጨረሻም በጁን 2015 የአይካን ቦርድ ውሳኔ አሳለፈ፤ ጠቅላላ ቃል የያዘ ኩባንያ ምዝገባውን ለራሱና ለዘመዶቹ ኩባንያዎች ብቻ ሊወስነው አይችልም።

በዚህ ደንብ መሠረት ሐራጁ ቀጠለ። ጉግል ለ«አፕ» 25,001,000 ዶላር ከፍሎ በ2015 አሸነፈ፤ በ2018ም ለሕዝብ ከፈተው። «ሱቅ» የሚል ትርጉም ያለውን ቅጥያ አንድ የጃፓን ኩባንያ በ2016 በ41,501,000 ዶላር ወሰደው። «መጽሐፍ»ስ? ዘጠኝ አመልካቾች ተሻምተውበት በ2014 በተደረገ የግል ሐራጅ ለአማዞን ወጣ፤ ዋጋውም ለሕዝብ አልተገለጠም። ከአይካን ጋር ውሉ ከተፈረመ በኋላም ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ ሳይከፈት ቆየ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የደንቡ ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው። ደንቡ «ከእኔ በቀር ማንም አይመዝገብ» የሚል ሕግ ማውጣትን ይከለክላል እንጂ ምዝገባው በዚህ ቀን ይጀመር ብሎ አያስገድድም። ከዚህም ሌላ ቅጥያውን የያዘው ኩባንያ እስከ 100 የሚደርሱ ስሞችን ለራሱ ሥራ እንዲይዝ ውሉ ይፈቅድለታል። በሩ አልተቆለፈም፤ ነገር ግን አልተከፈተም። በደጅ ለቆመው ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሕግ ለማርቀቅ የሚዘጋጅ ወጣት ሁሉ ከዚህ የሚማረው ነገር አለ፤ «አትከልክል» ብሎ መጻፍና «ፍቀድ» ብሎ መጻፍ አንድ አይደለም።

ክርክሩም በዚህ አላበቃም። ለመንግሥታቱ ኮሚቴና ለሌሎቹ ወገኖች የሚስማማ ደንብ ለማግኘት የተደረገው ውይይት ያለ ስምምነት ስለ ተበተነ፣ የአይካን ቦርድ በጃንዋሪ 2024 የተስማሙበት ደንብ እስኪገኝ ድረስ በሚቀጥለው ዙር ዝግ ጠቅላላ ስም እንዳይፈቀድ ወሰነ። ይህ ውሳኔ እገዳ ነው እንጂ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ነዋሪው ሳይጠየቅ የተሸጠ ሠፈር

አንድን ተራ አጥሮ መያዝ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው መንገድ ደግሞ ሰው ሁሉ ገብቶ የሚኖርበትን ሠፈር ከነነዋሪው መግዛት ነው። ይህም በ«ዶት ኦርግ» ላይ ሊፈጸም ተሞክሮ ነበር።

ዶት ኦርግ የበጎ አድራጎት ማኅበራት፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የሙያ ማኅበራትና የእርዳታ ድርጅቶች መኖሪያ ሆኖ የቆየ ቅጥያ ነው፤ በውስጡም ከ10 ሚሊዮን በላይ ስሞች ተመዝግበዋል። ከ2003 ጀምሮ ያስተዳደረው ኢንተርኔት ሶሳይቲ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ያቋቋመው ድርጅት ነው። በ2019 አጋማሽ በተፈረመው አዲስ ውል የዓመቱ ኪራይ ከዚህ በላይ እንዳይጨምር ይከለክል የነበረው ገደብ ተነሣ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ደግሞ አስተዳዳሪው ድርጅት ኢቶስ ካፒታል ለተባለ የግል ኢንቬስትመንት ኩባንያ በ1.135 ቢሊዮን ዶላር ሊሸጥ መሆኑ ተሰማ።

ነዋሪዎቹ ደነገጡ፤ መደንገጣቸውም አለ ምክንያት አልነበረም። ለብዙ ዓመታት በአንድ አድራሻ የታወቀ የእርዳታ ድርጅት ያንን አድራሻ በደብዳቤው፣ በመኪናው ላይ፣ በማኅተሙ፣ በረጂዎቹ ሁሉ ልብ ውስጥ አትሞታል። ኪራዩ ቢጨመርበት ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ ሌላ ልሂድ ማለት አይችልም። ገዢው የሚገዛው ይህንኑ መሄድ አለመቻልን ነው ሲሉ ብዙ መቶ ድርጅቶች ተቃውሞ ፈረሙ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግም አይካን ሽያጩን እንዳይቀበል በኤፕሪል 2020 ጻፈ። ኤፕሪል 30 ቀን 2020 የአይካን ቦርድ ሽያጩን ሳይቀበለው ቀረ።

የወንዝ ስም፣ የአህጉር ስም

ቃል የሁሉ ነው ካልን የወንዝና የአህጉር ስምስ? በደቡብ አሜሪካ ያሉት ብራዚልና ፔሩ፣ «አማዞን» የሚለው ስም የኩባንያ ከመሆኑ በፊት የወንዛችንና የደናችን ስም ነው ብለው ኩባንያው ቅጥያውን እንዳይይዝ ተከራከሩ። በ2014 አይካን የኩባንያውን ማመልከቻ ሳይቀበለው ቀረ፤ በ2017 ግን ጉዳዩን በገለልተኝነት የመረመሩ ዳኞች ለኩባንያው ፈረዱ፤ ከረዥም ድርድር በኋላም ቅጥያው በኩባንያው እጅ ገባ።

«ዶት አፍሪካ» ደግሞ ለእኛ የቀረበ ታሪክ አለው። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ስሙ በደቡብ አፍሪካ በሚገኝ መዝጋቢ ድርጅት እንዲተዳደር ደገፈ። በትውልድ ኢትዮጵያዊት የሆኑት ወይዘሮ ሶፊያ በቀለ የሚመሩት ሌላ ድርጅትም ይኸንኑ ስም ጠይቆ ነበርና ነገሩ እስከ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቅጥያው በኅብረቱ የተደገፈው ድርጅት እጅ ሆኖ በ2017 ሥራ ጀመረ። የአፍሪካ ስም የማን እንደ ሆነ የተሟገትነው በካሊፎርኒያ ዳኛ ፊት መሆኑ ብዙ ሊያሳስበን ይገባል።

ማስታወቂያውን የሚያነብ ማን ነው?

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ኩባንያዎች ክፉ ናቸው ማለት አይደለም። ነጋዴ በገበያ ላይ ጥሩ ቦታ ሲያይ ቢፈልገው የሚደነቅ አይሆንም፤ ሥራው ነውና። ገበያው የሁሉ ሆኖ እንዲኖር የመጠበቅ ሥራ ግን የነጋዴው አይደለም፤ የሌላው ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ዝም ካለ የጋራ የነበረው ነገር አንድ ቀን በሕጋዊ ደረሰኝ የግል ሆኖ ይገኛል።

«መጽሐፍ» ዝግ ሆኖ እንዳይቀር ደንብ የወጣው ደራስያንና አሳታሚዎች ማስታወቂያውን አንብበው ስለ ጻፉ ነው። ዶት ኦርግ ሳይሸጥ የቀረው ማኅበራት ስለ ፈረሙ ነው። ሁለቱም ድል የተገኘው በሠልፍና በጩኸት ብቻ አልነበረም፤ አሰልቺ የሆነውን ደንብ በትዕግሥት ባነበቡ፣ የጊዜውን ገደብ ጠብቀው መልስ በሰጡ ሰዎች ነው።

ይህ ነገር ወደ እኛም ፊደል እየቀረበ ነው። የግዕዝ ፊደል በሥሩ መዝገብ ላይ ለቅጥያ የሚጻፍበት ሥርዓት ፊደሉን በሚያውቁ ባለሙያዎች ተጠንቶ ከ2017 ጀምሮ ተዘጋጅቷል። በ2026 እንዲከፈት በተቀጠረው አዲስ ዙርም ለአንድ ማመልከቻ የተቆረጠው ዋጋ 227,000 ዶላር ነው። እንግዲህ አንድ ቀን «መጽሐፍ»፣ «ቡና»፣ «ሙዚቃ» የሚሉት ቃላት በገዛ ፊደላችን ተጽፈው በአመልካቾች ዝርዝር ላይ ሊገኙ ይችላሉ። አመልካቹ ወዳጅም ሊሆን ይችላል፤ ቅጥያውን ለሁሉ የሚከፍት ከሆነ በረከት ነው። ግን ማን ጠይቆ ያረጋግጥ?

ዛሬ በዩኒቨርሲቲ የሚማረው ተማሪ ነገ በአንድ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል። ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረዥም የአስተያየት መጠየቂያ ሰነድ ይደርሰው ይሆናል። «ይህ የኮምፒውተር ጉዳይ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ወደ መዝገብ ቤት ሊመራው ይችላል፤ ወይም አንብቦ፣ በርበሬ ተራን አስታውሶ፣ «ይህ ቃል የሁላችን ነው» ብሎ በጊዜው መልስ ሊጽፍ ይችላል። አባቶቻችን ስምን መልአክ ያወጣዋል ያሉት ስም የሚከበር ነገር መሆኑን ሲያስተምሩን ነው። አክብሮቱን ጠብቆ የማቆየቱ ሥራ ግን ለመልአክ የሚተው አይደለም፤ የእኛው ነው።